ባለ ከዘራው ከርታታ፤ የቻርሊ ቻፕሊን የሕይወት ታሪክ

ጠባብ ኮት፣ ሰፊ ሱሪ፣ ከእግሩ የሚበልጥ ጫማ፣ ትንሽ ክብ ባርኔጣ፣ ከአፍንጫው ሥር እንደ ማኅተም ጠብ ያለች ሪዝ፣ በእጁም ከዘራ። ይህን ሰው የማያውቅ ከመካከላችን አለ ለማለት ያስቸግራል። ፊልሙን ያላየ እንኳ ሥዕሉን አንድ ቦታ ሳያይ አይቀርም። ሰውየው ቻርሊ ቻፕሊን ነው። ሲያስቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዴት እንዳደገ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ይሆናል። ነገ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ዙሪያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለምንቆም ዕጩ መምህራን ከዚህ ሰው ልጅነት የምናገኘው ትምህርት አለና። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ቻርልስ ስፔንሰር ቻፕሊን የተወለደው ኤፕሪል 16 ቀን 1889 ነው። አባትና እናቱ ሁለቱም በእንግሊዝ አገር በሙዚቃ አዳራሾች እየዘፈኑ የሚተዳደሩ ነበሩ። አባትየውን መጠጥ አሸነፈውና ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ በ1901ም በ38 ዓመቱ ሞተ። እናቲቱ ሐና ቻርሊንና በአራት ዓመት የሚበልጠውን ወንድሙን ሲድኒን ይዛ ለንደን ውስጥ ቀረች። ድምፅዋም እየሰለለ ሄደ። ቻርሊ ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ምሽት መድረክ ላይ ሳለች ድምፅዋ ጭራሽ ተዘጋ፤ ተመልካቹ ሲያፌዝባት የአምስት ዓመት ልጇ በእሷ ቦታ እንዲዘፍን ወደ መድረክ ተገፋ። ሕዝቡ ሳንቲም ሲወረውርለት ዘፈኑን አቋርጦ ሳንቲሙን ይለቅም ጀመር፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለልጁ የመጀመሪያ መድረኩ ሲሆን ለእናቱ የመጨረሻዋ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ችግር ምኑ ቅጡ! በ1896 ሦስቱም ወደ ድሆች መጠለያ ገቡ። ቻርሊ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። በመጠለያው ደንብ እናትና ልጆች በአንድ ክፍል አይኖሩም፤ ልጆቹ ተለይተው ሀንዌል በሚባል ቦታ ወደሚገኝ የድሆች ልጆች ትምህርት ቤት ተላኩ። እዚያም ቻርሊን ጭርት ያዘው። ጠጉሩ ተላጨ፣ ራሱ አዮዲን ተቀባ፤ ከሌሎቹ ልጆች ተለይቶም ተቀመጠ። ሌሎች ልጆች እንዳያዩት ከመስኮት ይሸሽ እንደነበር ከጊዜ በኋላ አስታውሷል። በ1898 የእናቱ አእምሮ ታውኮ ሆስፒታል ገባች። በ1903 ሕመሙ ሲያገረሽባት ሲድኒ በመርከብ ሥራ ላይ ስለነበረ፣ እጅዋን ይዞ ወደ ሐኪም ያደረሳት የ14 ዓመቱ ቻርሊ ብቻውን ነው። ትምህርቱ በየጊዜው እየተቆራረጠ በመጨረሻ ጨርሶ ቆመ።

ታዲያ ይህ ልጅ ማን አስተማረው? ራሱ ደጋግሞ የሚመሰክረው ለእናቱ ነው። ሐና ደህና በነበረችባቸው ቀናት መስኮት አጠገብ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ታያለች። አንዱ ጫማውን እየጎተተ ሲያልፍ ካረማመዱ ተነሥታ ጠዋት ከሚስቱ ጋር መጣላቱን፣ ቁርስ ሳይበላ መውጣቱን ትገምታለች፤ ፊቱንና አካሄዱን አስመስላ ለልጆቿ ታሳያቸዋለች። ልጁም ሰውን ከእግር እስከ ራስ ማንበብን ከዚያች መስኮት ሥር ተማረ። እኛም አገር ቢሆን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በመንዝ ብርድ፣ ማታ ዝተት ለብሰን እሳት ዳር ስንሰበሰብ የጎረቤቱን አነጋገርና አረማመድ እያስመሰለ ቤተሰቡን የሚያስቅ ልጅ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ግን ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲሄድ ረባሽ ይባላል።

ቻርሊ ዘጠኝ ዓመት ከሆነው በኋላ በእግራቸው እየጨፈሩ ከተማ ለከተማ ከሚዞሩ ልጆች ቡድን ጋር ተቀላቀለ። በ14 ዓመቱ በአንድ ቴአትር የተላላኪ ልጅ ሆኖ የመሥራት ዕድል አገኘ። ቃለ ተውኔቱ ሲሰጠው ግን ደነገጠ፤ ማንበብ ብዙም አይችልም ነበርና። ሲድኒ ቁጭ ብሎ እያነበበለት በጥቂት ቀናት በቃሉ አጠናው። በ1908 ፍሬድ ካርኖ በሚባል ሰው የቀልድ ቡድን ውስጥ ገባ። የዚህ ቡድን ቀልድ ከንግግር ይልቅ በእንቅስቃሴ ላይ የቆመ ነበር። ቡድኑ በ1910ና በ1912 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ቻርሊም አብሮ ሄደ። በ1913 ኪይስቶን የተባለው የፊልም ድርጅት በሳምንት 150 ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ።

እዚህ ላይ የዚያን ዘመን ፊልም ጠባይ መረዳት ይገባል። ካሜራው በእጅ እየተዘወረ የሚያነሣ ሲሆን ድምፅ አይቀዳም። አስፈላጊ የሆነ ንግግር በሥዕሎቹ መካከል በጽሑፍ ይታያል፤ በአዳራሹ ውስጥ ፒያኖ ወይም ሌላ ሙዚቃ ይመታል። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ከልዩ ልዩ አገር በመጡና እንግሊዝኛ በማይሰሙ ስደተኞች የተሞላች ነበረች። ጣልያኑም፣ ፖላንዱም፣ አይሁዱም አንድ አዳራሽ ተቀምጦ በአንድ ነገር መሣቅ የቻለው ፊልሙ ቋንቋ ስላልነበረው ነው። በአገራችንም ሲኒማ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ሕዝቡ ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይቶ አዳራሹን ሰይጣን ቤት ይለው እንደነበር የታወቀ ነው። ያ ሰይጣን የተባለውም ድምፅ አልነበረውም።

በ1914 መጀመሪያ ላይ ቻርሊ አስቂኝ ልብስ ልበስ ተብሎ ወደ ልብስ ክፍል ገባ። ሁሉም ነገር እርስ በርሱ እንዲጣረስ ፈለገ፤ ሱሪው ሰፊ፣ ኮቱ ጠባብ፣ ባርኔጣው ትንሽ፣ ጫማው ትልቅ ሆነ። ሪዟን ጨመረባት፣ ከዘራውን አነሣ። በፌብሩዋሪ ወር ሕዝብ ያየው ይህ ከርታታ ቤት የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ነገር ግን ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ይነሣል፤ ልብሱ ቢቀደድም አቧራውን ያራግፋል። ተመልካቹ የሣቀው በድህነቱ አልነበረም፤ ድሀውን ሲያዋርዱ በሚወድቁት በፖሊሶቹና በባለጸጎቹ ነው። ከልጅነቱ ያመጣው ነገር ይህ ነበር።

ገንዘቡም እንደ ጎርፍ መጣ። በ1915 በሳምንት 1,250 ዶላር፣ በ1916 ደግሞ በሳምንት 10,000 ዶላር ይከፈለው ጀመር። በድሆች መጠለያ ያደረው ልጅ ገና 27 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። በ1919 ከሜሪ ፒክፎርድ፣ ከዳግላስ ፌርባንክስና ከዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ ጋር ሆኖ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በዚህም የሥራው ጌታ ራሱ ሆነ።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጁ በተወለደ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ከርታታው የተጣለ ሕፃን አንሥቶ የሚያሳድግበትን ፊልም ጀመረ። በ1921 የወጣው ይህ ፊልም «ልጁ» ይባላል። የሕፃናት ማሳደጊያ ሰዎች ልጁን ነጥቀው በመኪና ሲጭኑት ልጁ እጁን ዘርግቶ ያለቅሳል፤ ከርታታው በቤቶች ጣሪያ ላይ እየሮጠ ይከተለዋል። ይህን ያየ ሰው የሰባት ዓመቱን ቻርሊ ከእናቱ ሲለይ እንዳየ ይቈጠራል። እናቱንም በዚያው ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ አስመጣት፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1928 ድረስ በሰላም አስጦራት።

በ1925 «የወርቅ ጥድፊያ» የተባለው ፊልም ወጣ። ወርቅ ፈላጊው ከርታታ በበረዶ መካከል በረሃብ ተይዞ የገዛ ጫማውን ቀቅሎ ይበላል። የጫማውን ክር እንደ ፓስታ ይጠቀልላል፣ ምስማሩን እንደ አጥንት ይግጣል፤ ሁሉንም እንደ ግብዣ ማዕድ በጨዋ ደንብ ያደርገዋል። ለቀረጻ የተሠራው ጫማ ከጣፋጭ የተዘጋጀ ነበር። ረሃብን የሚያውቅ ተመልካች ግን እየሣቀ ሆዱ ይላወሳል።

በ1927 ፊልም መናገር ጀመረ። ድምፅ አልባ ፊልም ይሠሩ የነበሩ ብዙ ተዋንያን ሥራቸውን አጡ። ቻርሊ ግን እምቢ አለ፤ ከርታታው ከተናገረ እንግሊዛዊ ወይም አሜሪካዊ ይሆናል፣ የሁሉም ሰው መሆኑ ይቀራል ብሎ አመነ። «የከተማ መብራቶች» የተባለውን ፊልም ከሁለት ዓመት በላይ ለፍቶበት በ1931 አወጣው። በዚህ ሥራ አንድ ከባድ ችግር ገጥሞት ነበር። ዓይነ ስውር የሆነች አበባ ሻጭ ልጃገረድ ከርታታውን ባለጸጋ ነው ብላ መሳሳት አለባት። ያለ ንግግር ይህ እንዴት ይታያል? ትዕይንቱን ከ300 ጊዜ በላይ እንዳስደገመው ይነገራል። በመጨረሻ መፍትሔው ተገኘ፤ ከርታታው መንገዱን የዘጋበትን ትልቅ መኪና በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል፣ በሩም ይዘጋል። ልጅቱ የመኪና በር ሲዘጋ ትሰማለች፤ ከፊቷ የቆመው ሰው የመኪናው ጌታ ይመስላታል። እኛም ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ በሩ ሲዘጋ የሰማን ይመስለናል። ማስረጃ መሣሪያ የለኝም ብሎ የሚያማርር መምህር ይህን ትዕይንት ሊያስብ ይገባል።

በ1936 «ዘመናዊ ጊዜያት» በተባለው ፊልም የፋብሪካ ሠራተኛ ሆኖ ብሎን ሲያጠብቅ እጁ ሥራው ካለቀ በኋላም አልቆም ይለዋል። ከርታታው የተሰናበተው በዚህ ፊልም ነው። በዚያው ዓመት በሜይ ወር የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ቻርሊ ሙሉ በሙሉ የተናገረበት የመጀመሪያ ፊልሙ «ታላቁ አምባገነን» በ1940 ሲወጣ፣ እሱ ራሱ ሂትለርን እየቀለደ ሲሠራ፣ ሙሶሊኒም ናፓሎኒ በሚል ስም ደረቱን ነፍቶ አገጩን ቀስሮ የዓለም መሣቂያ ሆነ። በዚያን ሰዓት የመንዝ፣ የመርሐ ቤቴና የቡልጋ አርበኞች ገና በየገደሉ ከዚሁ ሰው ጦር ጋር ይፋለሙ ነበር። ፊልሙን እነሱ አላዩትም፤ ጠላታቸው ግን አንድ ነበር።

ቻርሊ እንከን የሌለው ሰው አልነበረም። በሥራ ላይ ቁጡና አስቸጋሪ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሚስቶቹን ያገባው እነሱ ገና የ16 ዓመት ልጆች፣ እሱ ሙሉ ሰው ሳለ ነው፤ ሁለቱም ጋብቻዎች በክርክርና በፍርድ ቤት አለቁ። በ1943 ያገባት ኡና ኦኒል ስምንት ልጆች ወልዳለት እስከ ዕለተ ሞቱ አብራው ኖረች።

በ1952 ቤተሰቡን ይዞ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሲጓዝ፣ የአሜሪካ መንግሥት በፖለቲካ አቋሙና በምግባሩ ጠርጥሮት የመመለሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። 40 ዓመት ገደማ በሠራበት አገር ዜግነት ወስዶ አያውቅም ነበር። ኑሮውን በስዊዘርላንድ አደረገ። ሆሊውድ ለክብር ሽልማት የጠራው በ1972 ነው፤ በአዳራሹ ያለው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ለብዙ ደቂቃ ሲያጨበጭብለት ሽማግሌው ቃል አጥሮት ቆመ። ዲሴምበር 25 ቀን 1977 በ88 ዓመቱ ዐረፈ።

ውድ ዕጩ መምህራን፣ በሀንዌል ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ቻርሊ ከብዙ ድሀ ልጆች መካከል አንዱ ስም ብቻ ነበር። ራሱ ተላጭቷል፣ ንባቡ ደካማ ነው፣ እናቱ ሆስፒታል ናት። ከዚህ ልጅ ምን ይወጣል ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር መልሱን አያገኘውም ነበር። እኛም የትምህርት ዘመኑ ሲከፈት መዝገብ ይዘን ስም መጥራታችን አይቀርም። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የእኛኑ አረማመድ እያስመሰለ ጓደኞቹን የሚያስቅ ልጅ ብናገኝ፣ አለንጋ ከማንሣታችን በፊት ወደ ፊት ጠርተን ለክፍሉ ሁሉ እንዲያሳይ ብናደርገው ምን ይጎዳናል?