ከመጽሐፍ ጠራዥነት እስከ ፕሮፌሰርነት፦ የማይክል ፋራዴይ ሕይወት

ስለ ሥራ ዕድገት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ የአገልግሎት ዘመን፣ ሁለተኛው ዘመድ። ዓመቱ ሲሞላ ዕድገቱ በራሱ ይመጣል የሚል አለ፤ ዘመድ የሌለው ሰው ዓመት ቢቆጥር ምን ዋጋ አለው የሚልም አለ። እኛ ሠልጣኞችም ነገ ተመርቀን በየገጠሩ ስንመደብ ከጀማሪ መምህርነት ተነሥተን መሰላሉን ደረጃ በደረጃ የምንወጣ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተናል። በፊዚክስ ትምህርት ስሙን ብቻ የምናውቀውን የማይክል ፋራዴይን ሕይወት ለዚህ እትም የመረጥኩት ስለዚሁ ነው። ይህ ሰው ዘመድም ዲግሪም አልነበረውም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋራዴይ በ1791 በእንግሊዝ አገር ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤ ግን በሽተኛ ስለነበረ ብዙ ቀን ከሥራ ይቀር ነበር። በ1801 እህል በተወደደ ጊዜ ለልጁ የሚደርሰው ለሳምንት አንድ ዳቦ ብቻ እንደነበረ ይነገራል። ትምህርቱም ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከተራ ሒሳብ አላለፈም።

በ13 ዓመቱ ሪቦ በሚባል መጽሐፍ ሻጭና ጠራዥ ዘንድ በተላላኪነት ገባ፤ ሥራው ጋዜጣ ማደል ነበር። በ1805 ደግሞ የጥረዛ ሙያ እንዲማር ለሰባት ዓመት ተዋዋለ። እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሱቅ የነበሩት ሌሎች ልጆች መጽሐፉን ሰፍተው፣ ሙጫ ቀብተው ያስረክባሉ። ፋራዴይ ግን የሚጠርዘውን ያነብ ነበር። ስለ ኤሌክትሪክ ከአንድ ትልቅ ኢንሳይክሎፒዲያ አነበበ፤ ኬሚስትሪን ደግሞ ጄን ማርሴት የምትባል ሴት ለጀማሪዎች ከጻፈችው መጽሐፍ ተማረ። ማንበብ ብቻውን አልበቃውም፤ ባለችው ሳንቲም ዕቃ እየገዛ በማሸት ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ትንሽ መሣሪያ ሠራ።

ከ1810 ጀምሮ ታተም የሚባል ሰው ማታ ማታ የሚሰጠውን የሳይንስ ትምህርት ተከታተለ። የመግቢያው ዋጋ አንድ ሽልንግ ነበር፤ የሚከፍልለትም እንደ አባቱ ቀጥቃጭ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ነበር። ያየውን መሣሪያ በማስታወሻው ላይ በትክክል ማሳየት አልችል ስላለ፣ በሪቦ ቤት ይኖር ከነበረ አንድ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ሥዕል ተማረ። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ የሳይንስ ሥራ እሰጥሃለሁ ያለው ሰው አልነበረም።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ በሮያል ኢንስቲቲዩሽን የዚያን ዘመን ታላቅ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ የሚሰጣቸውን አራት ትምህርቶች የሚያስገባ ቲኬት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ሁሉ ጻፈ፤ እቤቱም አስተካክሎ ገለበጠው፤ ሥዕል ጨመረበት፤ በገዛ እጁም ጠረዘው። ለካ የናቀው ሙያ እዚህ ላይ ጠቀመው! ያንን መጽሐፍ ከማመልከቻው ጋር ለዴቪ ላከለት። ዴቪ አስጠርቶ አነጋገረው፤ ነገር ግን ቦታ የለም፣ ጥረዛህን አትተው ብሎ መክሮ አሰናበተው። ቀደም ሲልም ለሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ጽፎ መልስ እንኳ አላገኘም ነበር።

ሁለት ወር ያህል አለፈ። የላቦራቶሪው ረዳት ከመሣሪያ ሠሪው ጋር ተጣልቶ ከሥራ ተባረረ። ዴቪ ታዲያ ማንን አሰበ? ያንን የተጠረዘ ማስታወሻ የላከለትን ልጅ ነዋ! መጋቢት 1 ቀን 1813 ፋራዴይ በሳምንት 25 ሽልንግና በሕንፃው ጫፍ ላይ ካሉ ሁለት ክፍሎች ጋር ተቀጠረ። እዚህ ላይ ዕድል አልነበረም ብንል ውሸት ይሆንብናል። ቲኬቱም ዕድል ነው፤ የረዳቱ ጠብም ዕድል ነው። ግን ዕድሉ ሲመጣ ሰውየው ተዘጋጅቶ ነው የቆየው። በሠርጉ ዕለት በርበሬ ቀንጥሱ እንደሚባለው ቢሆንማ ኖሮ በሩ በተከፈተ ዕለት ገና ማንበብ ይጀምር ነበር።

ሥራው ጠርሙስ ማጠብና መሣሪያ ማዘጋጀት ነበር። በዚያው ዓመት ዴቪን ተከትሎ ወደ አውሮፓ ሄደ። የዴቪ ሎሌ አልሄድም ስላለ የሎሌውም ሥራ በሱ ላይ ወደቀ። የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ስለምታየው በጣም ከመመረሩ የተነሣ ትቶ ለመመለስ አስቦ ነበር። ግን ቻለው። ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ተማረ፤ እንደ አምፔርና ቮልታ ያሉትን ሊቃውንት በዓይኑ አየ፤ በ1815 ሲመለስም ደመወዙ ወደ 30 ሽልንግ ከፍ አለ።

ለኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች ከሁሉ የሚጠቅመን ግን የሚከተለው ነው። ፋራዴይ ገና ረዳት ሳለ በ1813 ለጓደኛው በጻፋቸው ደብዳቤዎች አስተማሪዎችን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። የአዳራሹን አየር፣ የጠረጴዛውን አቀማመጥ፣ የአስተማሪውን ድምፅና አቋቋም፣ አድማጩ የሚሰለችበትን ሰዓት ሳይቀር መዝግቧል። ከአንድ ሰዓት የበለጠ ትምህርት እንደማይበጅም ያኔ ነው የተረዳው። ራሱ በትንሽ ማኅበር ፊት ማስተማር የጀመረው በ1816 ነው። በ1818 ደግሞ ስማርት የሚባል የንግግር አስተማሪ ዘንድ ሄዶ አነጋገሩን አሻሻለ። በታላቁ አዳራሽ እንዲያስተምር ሲጠየቅ እንግዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ተዘጋጅቶበታል ማለት ነው።

መንገዱ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1821 ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ በማግኔት ዙሪያ እንዲሽከረከር አደረገ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር መነሻ ይህ ነው። ሆኖም ጽሑፉን ሲያወጣ ከሱ በፊት በነገሩ ላይ ያሰበውን ዎላስተንን ሳይጠቅስ በመቅረቱ የሰው ሐሳብ ወሰደ ተብሎ ታማ። በ1824 ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲቀርብ በር የከፈተለት ያው ዴቪ ተቃወመው። ፋራዴይ ተመረጠ፤ ተቃዋሚው ድምፅም አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲያ የባልደረባን ድርሻ ስለ መጥቀስ በጣም ጠንቃቃ ሆነ። ዕድገት የሚፈልግ ሰው የጓደኛውን ድካም መሸፈን እንደማያዋጣው ከዚህ እንማራለን።

በ1825 ጠርሙስ ያጥብበት የነበረው ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ። በ1831 ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬ በግድቦቻችን የሚሠሩት ጄኔሬተሮች በዚሁ ሕግ ነው የሚሠሩት። በ1833 የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ተባለ። በገና ሰሞን ለልጆች 19 ጊዜ ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል፤ ከነዚህም መካከል ስለ አንዲት ሻማ ብቻ የሰጠው ይገኝበታል። ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት የምንመደብ ሁሉ ይህንን ብናስብ ይጠቅመናል።

የሚገርመው ደግሞ መጨረሻው ነው። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ቢባል ሁለት ጊዜ እንቢ አለ፤ የባላባትነት ማዕረግም አልተቀበለም። ከላቦራቶሪውና ከትምህርቱ የሚያርቀውን ሹመት አልፈለገም። በ1867 በ75 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ አሥር ዓመት ያገለገለ መምህር ሁሉ የአሥር ዓመት ልምድ አለው ማለት አይደለም፤ የአንድ ዓመቱን ሥራ አሥር ጊዜ የደገመም ይኖራልና። ዝግጅት የሚባለው በየቀኑ የሚሠራ ትንሽ ነገር ነው። የትምህርት ዕቅዳችንን ካስተማርን በኋላ የቱ እንደሠራ የቱ እንዳልሠራ ጽፈን ማስቀመጥ፣ ነባር መምህራን ሲያስተምሩ ፈቅደውልን ከኋላ ተቀምጠን ማየት፣ የጎደለንን ከሚያውቅ ሰው ሳናፍር መጠየቅ። ይህ ለማንም ዕድገትን በእርግጥ አያስገኝም፤ የሚዘገይበት፣ አድልዎም የሚያጋጥመው ሰው አለ። ግን ዕድገቱ ቢዘገይ እንኳ ከዝግጅቱ የሚጠቀሙ በፊታችን የተቀመጡ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የኛን ደረጃ መጨመር አይጠብቁም።