ማዳም ኩሪና የተከለከለው ቋንቋዋ

የማዳም ኩሪን ስም ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ስለ ራዲየም ሲያነሡ ስሟን ይጠራሉ፤ እኛም የአርትስ ተማሪዎች የኖቤልን ሽልማት ሁለት ጊዜ መቀበሏን እናውቃለን። ዳሩ ግን ይህች ሴት በተወለደችበት ከተማ በእናቷ ቋንቋ እንዳትማር የተከለከለች ልጅ እንደ ነበረች የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሕይወቷን በዚህ በኩል ብንመለከተው ለእኛ ለተማሪዎች የሚነግረን ነገር አለው። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ማሪያ ስክሎዶቭስካ ኖቬምበር 7 ቀን 1867 በዋርሶ ተወለደች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር፣ እናቷ ደግሞ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ኀላፊ ነበሩ። በዚያን ዘመን ፖላንድ የሚባል ነጻ መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም። መስኮብ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ አገሩን ሲቆራርሱት ቆይተው በ1795 የመጨረሻውን ድርሻ ተካፍለው ነበር፤ ዋርሶም ከጊዜ በኋላ በመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ሥር ወደቀች። በ1863 ፖላንዳውያን ተነሥተው ድል ከሆኑ በኋላ ገዢው መንግሥት በጦር ያሸነፈውን ሕዝብ በትምህርት ቤት ሊለውጠው አሰበ። በ1869 የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ በመስኮብኛ የሚያስተምር ሆነ፤ መካከለኛ ትምህርት ቤቶችም ያንኑ መንገድ ያዙ፤ በ1885 ተራው የትንንሾቹ ልጆች ትምህርት ቤት ደረሰ። የማሪያ አባትም በ1873 ከሹመታቸው ተነሡ፤ ቤተ ሰቡም ከመንግሥት ቤት ወጥቶ ተማሪዎችን በክፍያ እያሳደረ መኖር ጀመረ። እናቷ በ1878 በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ማሪያ ገና የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች።

የተማረችበት የግል ትምህርት ቤት ሁለት ዐይነት ትምህርት ነበረው። አንደኛው ለመንግሥት የሚታየው፣ ሁለተኛው ለልጆቹ የሚሰጠው ነው። በሰሌዳው ላይ የዕፅዋት ትምህርት ተብሎ በተጻፈው ሰዓት ልጆቹ የፖላንድን ታሪክ በፖላንድኛ ይማሩ ነበር። የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዘበኛው ደወሉን በምልክት ይደውላል፤ ወዲያው ደብተሮቹ ተሰብስበው ይደበቃሉ፤ ተቆጣጣሪው ሲገባም ልጃገረዶቹ ጨርቅና መርፌ ይዘው ሲሰፉ ያገኛቸዋል። እርሱም አንዲት ተማሪ አስነሥቶ በመስኮብኛ ይፈትናታል። መስኮብኛዋ ጥሩ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ የምትነሣው ማሪያ ነበረች። አባታችን ሆይን በባዕድ ቋንቋ ትደግማለች፤ የነገሥታቱን ስምና ማዕረግ በተራ ትቈጥራለች፤ በመጨረሻም የአገሯ ገዢ ማን እንደ ሆነ ስትጠየቅ የመስኮቡን ንጉሠ ነገሥት ስም ትጠራለች። አንድ ቀን ተቆጣጣሪው ደስ ብሎት ሲወጣ ልጅቱ እንባዋን መግታት አቃታት። ጥያቄውን ሁሉ በትክክል የመለሰች ተማሪ ለምን ታለቅሳለች? ያስለቀሳት ጎበዝ ሆና የተገኘችው የገዛ ራሷን በመካድ ስለ ነበረ ነው።

በ1883 የመንግሥቱን መካከለኛ ትምህርት ቤት በወርቅ ሜዳይ ፈጸመች። የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ግን ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ እኅቷን ብሮኒስላቫን ተከትላ ተንሳፋፊ ወይም በራሪ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ገባች። ይህ ዩኒቨርሲቲ ሕንጻም ማኅተምም አልነበረውም፤ መምህሩና ተማሪው ፖሊስ እንዳያገኛቸው ከአንዱ ሰው ቤት ወደ ሌላው እየተዛወሩ በፖላንድኛ ይማሩ ነበር። ተማሪዎቹም ያወቁትን ለማያውቀው እንዲያካፍሉ ይጠበቅባቸው ነበር።

ማሪያ ይህን በተግባር አሳየች። በ1886 መጀመሪያ፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ሽቹኪ በሚባል ገጠር ለአንድ ባለ ርስት አስተዳዳሪ ልጆች የቤት አስተማሪ ሆና ተቀጠረች፤ ከደመወዟም ፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እኅቷ ትልክ ነበር። በመንደሩ ያሉት የገበሬ ልጆች ወይ ጨርሶ ፊደል አያውቁም፣ ወይም የሚያውቁት የመስኮብን ፊደል ብቻ ነበር። እርሷም ከቤቱ ታላቅ ሴት ልጅ ጋር ተስማምታ ልጆቹን በክፍሏ ሰብስባ ፖላንድኛ ማንበብና መጻፍ ታስተምር ጀመር። ነገሩ ቢታወቅ ቅጣቱ ወደ ሳይቤሪያ እስከ መጋዝ ይደርስ ነበር። የሒሳብና የፊዚክስ መጽሐፏን የምታነበው ሌሊት ነው፤ የቀኑን ትርፍ ሰዓት ግን ለእነዚያ ባዶ እግራቸውን ለሚመጡ ልጆች ሰጠች። ከነዚህ ልጆች መካከል ስሙ በታሪክ የተጻፈ የለም። ቢሆንም በራሳቸው ቋንቋ ስማቸውን መጻፍ ቻሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታሪክ ሁላችንም ስለምናውቀው በአጭሩ እንለፈው። በ1891 ፓሪስ ገብታ በሶርቦን ተማረች፤ በ1895 ፒየር ኩሪን አገባች። በ1898 ከባሏ ጋር አዲስ ንጥረ ነገር ስታገኝ በካርታ ላይ በሌለችው አገሯ ስም ፖሎኒየም ብላ ሰየመችው። የሳይንስ ሥራዋን የጻፈችው በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ ለሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ግን ፖላንድኛ አስተማረች። በ1913 ወደ ዋርሶ ተመልሳ በዚያች ከተማ ስለ ሳይንስ በገዛ ቋንቋዋ ንግግር አደረገች። ፖላንድ በ1918 ነጻ ወጣች። ማሪያም በ1932 የዋርሶን የራዲየም ተቋም መከፈት አይታ ጁላይ 4 ቀን 1934 ዐረፈች።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማሪያ የሰው ቋንቋ መማርን አልጠላችም፤ መስኮብኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ታውቅ ነበር። በራስ ቋንቋ ላይ ሌላ መጨመር ሀብት ነው፤ የራስን አስጥሎ ሌላ መተካት ግን ዝርፊያ ነው። ሁለተኛ፣ ፖላንድኛን ያቈየው ልቅሶ ብቻ አልነበረም። ዘበኛው በደወሉ፣ መምህርቷ በሐሰተኛው ሰሌዳ፣ ተማሪዋም በገጠር ክፍሏ ሁሉም የድርሻቸውን ሠሩ። በ1905 የፖላንድ ተማሪዎች የመስኮብኛ ትምህርት አንቀበልም ብለው ከየትምህርት ቤታቸው በወጡ ጊዜ መንግሥቱ በግል ትምህርት ቤቶች በፖላንድኛ እንዲማሩ ለመፍቀድ ተገደደ። ያ ቀን እንዲደርስ ያደረጉት ቀደም ሲል በስውር ያስተማሩት ናቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛ በየክረምቱ ወደ የቤታችን ስንመለስ ፊደል ያልደረሳቸው ልጆች በየደጁ ይቀበሉናል። እነርሱን ብናስተምር ወደ ሳይቤሪያ የሚልከን የለም። እንግዲህ የሚከለክለን ምን እንደ ሆነ እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።