ሃንስ በርገር፦ የአንጎልን ሞገድ የመዘገቡት ሐኪም

የመርሳት በሽታ (ዲሜንሺያ) ያለባቸው እናትዎ አስረውት ያደሩት ስማርት ሰዓት፣ ሌሊቱን ለ7 ሰዓት ያህል እንደተኙ ቢያሳይዎ ምን ያህል ሊያምኑት ይገባል? መልሱን ለመረዳት የጀርመናዊው ሐኪም የሃንስ በርገር ታሪክ ይረዳዎታል።

በርገር የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። በወጣትነታቸው በውትድርና ላይ ሳሉ ከፈረስ ወድቀው ለጥቂት ተረፉ። በዚያው ዕለት ርቃ የምትኖር እህታቸው ወንድሟ አደጋ እንደደረሰበት ስለተሰማት፣ አባታቸው ደኅንነታቸውን በቴሌግራም ጠየቁ። ይህ ገጠመኝ ከበርገር ልብ አልወጣም። ሕክምና ተምረው በዬና ከተማ የአእምሮ ሐኪም ሆኑ፤ የአእምሮን ኃይል በመሣሪያ ለመለካትም ተነሡ።

እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገቡ። ውጤቱን ግን እስከ 1929 አላሳተሙም። መሣሪያው የያዘው የልብ ምት ወይም የጡንቻ እንቅስቃሴ እንዳይሆን ሰግተው ደጋግመው ፈተሹት። ብዙ ባለሙያዎች ያመኗቸው በ1934 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ግኝቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው። በርገር የአልዛይመር ታማሚን የአንጎል ሞገድም ከመዘገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ሕይወታቸው ያለፈው በ1941 ነው።

የእርሳቸው ዘዴ ዛሬ ኢኢጂ ይባላል። በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል ሰው መተኛቱ የሚታወቀው በዚህ ዘዴ፣ ከዓይንና ከጡንቻ ምልክቶች ጋር ተደምሮ ነው። አብዛኛው ስማርት ሰዓት ግን የአንጎልን ሞገድ አይለካም፤ ከእጅ እንቅስቃሴና ከልብ ምት ተነሥቶ ይገምታል። በርገር ከልኬታቸው ለመለየት ዓመታት የደከሙበት ነገር ለሰዓቱ ዋናው ማስረጃ ነው። ስለዚህ እናትዎ ነቅተው ጸጥ ብለው ቢጋደሙ እንደተኙ ሊቆጥራቸው ይችላል። በመርሳት በሽታ ደግሞ ሌሊት መንቃት፣ ቀን ማንቀላፋት፣ ሰዓቱንም አውልቆ መጣል የተለመደ ስለሆነ ስሕተቱ ሊጨምር ይችላል።

የሰዓቱን ቁጥር ብቻ አይተው የእንቅልፍ መድኃኒት አይስጡ፤ ሐኪም ያዘዘውንም መጠን አይቀይሩ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች መውደቅንና ግራ መጋባትን ያባብሳሉ። ከአንድ ሌሊት ቁጥር ይልቅ የበርካታ ሳምንታትን አዝማሚያ ይመልከቱ። መቼ እንደተኙ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ቀን ምን ያህል እንዳንቀላፉ፣ ማንኮራፋት ወይም የትንፋሽ መቋረጥ መኖሩን በደብተር ይመዝግቡ። ለሐኪምዎ ሁለቱንም ያሳዩ፤ ሰዓቱና ደብተሩ ካልተስማሙ፣ በዓይንዎ ያዩትን አስቀድመው ይናገሩ።