አቡነ ማስያስ (1809–1889)፦ በጸሎትና በመድኃኒት መካከል

በነሐሴ አጋማሽ፣ ክረምቱ ገና ሳይወጣ፣ በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉ መንደሮች የቡሄን ችቦ ያበራሉ። የበዓሉ ስም ደብረ ታቦር ነው፤ የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማም በዚሁ ስም ትጠራለች። ጌታችን በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን እንደ ገለጠ በዚያ ዕለት እናስባለን። ወንጌሉን ጥቂት ዝቅ ብለን ብናነብ ግን ከተራራው ሲወርዱ የጠበቃቸው አንድ የታመመ ልጅና የተጨነቀ አባቱ ነበሩ። ደቀ መዛሙርቱ ሊፈውሱት ሞክረው አልቻሉም። አባቱም እምነቱንና የእምነቱን ጉድለት በአንድ ትንፋሽ እየተናዘዘ ጌታን ለመነ፤ ልጁም ዳነ።

ይህ ወንጌል በእኛም ዘመን ይደገማል። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የነበራት አንዲት እናት ከዓመታት በፊት ወደ እኔ መጣች። በጸሎት እፈውሳለሁ የሚል አንድ ሰው፣ መድኃኒት መስጠት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው ብሎ የልጁን ኪኒን አስጥሏት ነበር። በሽታው በልጁ ላይ በረታ። ሰውየውም ጥፋቱን በእርሷ እምነት ማነስ አሳበበ። እናቲቱ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነው፦ በጸሎት የሚገኝ ፈውስ እውነት ነውን ወይስ ማታለል? ልጄስ ያልዳነው በእኔ ኃጢአት ነውን? ያን ዕለት የመለስኩላት በአንድ ሰው ሕይወት ነበር፤ እርሳቸውም በደብረ ታቦር በስደተኛነት ያለፉት የካፑቺኑ ጳጳስ አቡነ ማስያስ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሐኪም ቤት የተጀመረ አገልግሎት

ጉልየልሞ ማሳያ፣ በአገራችን አጠራር አቡነ ማስያስ፣ በ1809 በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ አውራጃ ፒዮቫ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1826 የካፑቺን ገዳማውያንን ማኅበር ገቡ፤ በ1832 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ከ1834 እስከ 1836 በቶሪኖ ከተማ በማውሪሲያኖ ሐኪም ቤት የሕሙማን ነፍስ አባት ሆነው አገለገሉ። በዚያም ሕሙማንን ማናዘዝና ምሥጢረ ቀንዲልን ማደል ብቻ ሳይሆን፣ ከሐኪሞቹ አጠገብ ቆመው መድኃኒት መቀመምን፣ ቁስል ማከምንና ክትባትን ተማሩ። ወጣቱ ካህን በአንድ አልጋ ዳር ጸሎትና ሕክምና ተስማምተው ሲኖሩ ያዩት በዚያ ነበር።

በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ፣ ፈረንሳዊው ተጓዥ አንትዋን ዳባዲ ባቀረበው አሳብ መነሻነት፣ ለኦሮሞ ሕዝብ ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቋሙ፤ ማስያስንም ጳጳስ አድርገው ሾሙለት። አቡነ ማስያስ በዚያው ዓመት ምጽዋ ደረሱ። በ1849 ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስን በጵጵስና የቀቡት እርሳቸው ናቸው። ከብዙ መሰናክል በኋላም በ1852 ዓባይን ተሻግረው ጉድሩ ገቡ፤ ቀጥሎም እስከ ከፋ ዘለቁ።

የፈንጣጣው አባት

በዚያ ዘመን ፈንጣጣ ወደ አንድ መንደር ከገባ ቤቱን ሁሉ ያለቅስ ነበር። ካልገደለ ዐይን ያጠፋል፣ ፊት ያበላሻል። አባቶቻችን መከላከያ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ከታመመው ሰው ቁስል ጥቂት ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በመብጣት ያስገቡ ነበር። ይህ ዘዴ ብዙዎችን አድኗል፤ ነገር ግን እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱን ይገድላል፣ በሽታውንም ወደ ጎረቤት ሊያዛምት ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ያሳየው ዘዴ ግን ቀለል ባለ የላም ፈንጣጣ የሚከናወን በመሆኑ አደጋው እጅግ ያነሰ ነው። አቡነ ማስያስ በቶሪኖ ተምረው ያመጡት ይህንኑ ጥበብ ነበር።

ወሬው ከአገር አገር ሲሰማ ሕዝቡ በብዛት ወደ እርሳቸው ይጎርፍ ጀመር። ባላባቱም ድሀውም፣ ክርስቲያኑም ሌላውም ልጆቹን አዝሎ ይመጣ ነበር። ሕዝቡም የፈንጣጣው አባት ብሎ ጠራቸው። ኃይሉ በመነኩሴው እጅ ወይም በሚያነበንቡት ቃል ውስጥ የተሰወረ የመሰላቸውም አልጠፉም።

ውድ አንባብያን፤ ፈተናው እዚህ ላይ እንደ ነበረ እናስተውል። ሕዝብ ተአምረኛ ሊለው የተዘጋጀ ሰው፣ ዝም ቢል ብቻ እንደ ተአምረኛ መኖር ይችላል። አቡነ ማስያስ ግን ጥበቡን ምሥጢር አላደረጉትም፤ ከየት እንደ ተማሩትና እንዴት እንደ ሠሩበት በትዝታ መጽሐፋቸው በግልጽ ጽፈው አልፈዋል። አስማተኛ ጥበቡን ይሰውራል፤ የእግዚአብሔር አገልጋይ ግን ምንጩን ይናገራል። መድኃኒትን መድኃኒት፣ ጸሎትንም ጸሎት ብሎ መጥራት ለሁለቱም ክብር ነው።

የደብረ ታቦር ክረምት

የጳጳሱ ሕይወት ከስደት አልተለየም። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በ1863 በአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ተይዘው በኋላ ተለቀቁና ወደ አውሮጳ ሄዱ። በዚያም ዕረፍት አላደረጉም፤ በ1867 ለሚስዮናውያን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው መጽሐፍ በፓሪስ አሳተሙ። በ1868 ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ ንጉሥ ምኒልክም በክብር ተቀብለው አማካሪያቸው አደረጓቸው። በኋላ አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት በፊንፊኔም የሚስዮን ቤት ከፈቱ።

በ1878 ግን አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ መንግሥታቸውን በአንድ ሃይማኖት ለማጽናት ወሰኑ። በ1875 እና በ1876 ከግብጽ ጋር ጦርነት የገጠሙት ንጉሠ ነገሥት የውጭ ሚስዮናውያንን በጥርጣሬ ማየታቸው ከዘመኑ አንጻር ሊገባን ይገባል። በ1879 አቡነ ማስያስ ከተባባሪዎቻቸው ከአቡነ ታውሪን ካኻኝና ከአባ ላሴር ጋር ወደ ደብረ ታቦር ተጠሩ። ክረምቱን በዚያ ብርድና ዝናብ ካሳለፉ በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ በመተማም በኩል ወደ ሱዳን ሄዱ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 70 ዓመት ነበር። በረሓውና ንዳዱ ሰውነታቸውን ስለ ሰበረው በ1880 በሕመም ምክንያት ኃላፊነታቸውን ለቀቁ።

እንግዲህ ስንቱን ከፈንጣጣ የጠበቁ እኒህ ሰው ስለ ራሳቸው ጤና አልጸለዩ ይሆን? እምነታቸውስ ጎድሎ ነበርን? እንዲህ የሚል ማንም የለም። ሕመም የኃጢአት ወይም የእምነት ማነስ ማስረጃ ቢሆን ኖሮ ከቅዱሳን ብዙዎቹ በተወቀሱ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተቀበለው መልስ ፈውስ ሳይሆን ጸጋ ነበር።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1884 የካርዲናልነት ማዕርግ ሰጧቸው። የ35 ዓመት የሚስዮን ትዝታቸውንም በ12 ቅጽ ጻፉ። በመጨረሻ በነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ ዐረፉ፤ ሥጋቸውም በፍራስካቲ በካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዕለቱ በላቲን ሥርዓት የደብረ ታቦር በዓል ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ፈውስን እንዴት ትመረምራለች?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2016 የአቡነ ማስያስን የጀግንነት ምግባር አጽድቀው ክቡር ተብለው እንዲጠሩ ወሰኑ። ሰማዕት ላልሆነ ሰው ከዚህ ወደ ብፅዕና ለመድረስ በአማላጅነቱ የተገኘ አንድ ተአምር መረጋገጥ አለበት፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ፈውስ ነው። ምርመራው ከስሜት የራቀ ነው። በመጀመሪያ ሐኪሞች የሕመሙን ማስረጃ ይመረምራሉ፤ በሽታው ከባድና በትክክል የታወቀ፣ ፈውሱም ፈጣን፣ ፍጹምና ዘላቂ፣ በሕክምናም የማይገለጥ መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ ነው የነገረ መለኮት ሊቃውንት ስለ ጸሎቱ የሚጠይቁት። በፈረንሳይ ሉርድ ከ1858 ጀምሮ እጅግ ብዙ ሕሙማን ሄደዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ተአምር ብላ በይፋ የተቀበለቻቸው ፈውሶች ግን ከ70 ጥቂት ቢበልጡ ነው።

እንግዲህ ለጥያቄው መልሱ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር በጸሎት ይፈውሳል፤ ሁሉን ፈውስ አገኘሁ ባይ ግን ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም። እውነተኛው ፈውስ ምርመራን አይፈራም። በ2000 የእምነት ትምህርት ጉባኤ ባወጣው መመሪያም የፈውስ ጸሎት ከጩኸት፣ ከትርኢትና ከማጋነን እንዲርቅ አዟል።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ ሕዝባችሁን ሦስት ነገር አስተምሩ። ፈዋሽ ነኝ ባዩ መድኃኒት አስጥሎ እንደ ሆነ ከእርሱ ራቁ፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና። ገንዘብ ከጠየቀ ራቁ፤ ጌታ ለሐዋርያቱ የፈውስን ጸጋ በነጻ ሰጥቶ በነጻ እንዲሰጡ አዟልና። ያልዳነውንም ሕመምተኛ በእምነት ማነስ ከወቀሰ ራቁ፤ በሸክም ላይ ሸክም መጨመር የክርስቶስ መንገድ አይደለምና። በዚህ ነገር ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር አንድ ድምፅ አለን፤ ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 የኤች.አይ.ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር።

አቡነ ማስያስ ይዋጉት የነበረው ፈንጣጣ በኢትዮጵያ በ1976 ተቋረጠ፤ በ1980 ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። ስንት እናቶች ስለ ልጆቻቸው በእንባ የጸለዩት ጸሎት በክትባት መልስ አገኘ! ያን ጸሎት ያልተሰማ የሚለው ማን ነው?

እኔም ያቺን እናት ልጇን ወደ ሐኪም እንድትመልሰው ነገርኳት፤ ከዚያም አብረን ጸለይን። ልጁ በሽታው በተአምር አልተወውም፤ በመድኃኒቱ ግን ታግሶለት ትምህርቱን ቀጠለ። እናቲቱም በኃጢአቷ ምክንያት እንዳልሆነ ዐውቃ በሰላም ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይህም ፈውስ ነው።

የሕሙማን ጤንነት የሆነች እመቤታችን ማርያም ስለ ሕሙማኖቻችንና ስለ አስታማሚዎቻቸው ትለምንልን። አሜን።