ፍሪጅ የማይፈልገው መድኃኒት መንገድ የጀመረው ከዚህ ሰው ነው፦ ቪንሰንት ዱ ቪኞ

እናት እንደወለደች የምትወጋውን መርፌ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ማህፀን እንዲኮማተር አድርጎ ደም መፍሰስን ይከላከላል። ዛሬ ይሄን መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በላብራቶሪ የሠራውን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ቪንሰንት ዱ ቪኞ እ.አ.አ በ1901 በአሜሪካ ቺካጎ ተወለደ። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ተምሮ፣ በ1927 ከሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ያዘ። ያጠናው ኢንሱሊን ውስጥ ያለውን ሰልፈር ነበር። ሰልፈር ከዛ በኋላም አልለቀቀውም።

በዛ ዘመን ኦክሲቶሲን የሚገኘው ከታረዱ እንስሳት ነበር፤ አንጎል ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ። ከምን እንደተሠራ ግን በትክክል አይታወቅም። ዱ ቪኞ ኒውዮርክ በሚገኘው ኮርኔል ሕክምና ኮሌጅ ከባልደረቦቹ ጋር ዓመታት ፈጅቶ ደረሰበት፦ 9 አሚኖ አሲዶች፣ በሰልፈር የተቆለፉ። በ1953 ደግሞ እነዛን አሚኖ አሲዶች አገጣጥመው ራሳቸው ሠሩት። በ1955 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻውን ወሰደ።

እኛን የገረመን ግን ከዛ በኋላ የመጣው ነው። አንድን መድኃኒት ቁራጭ በቁራጭ መሥራት ከቻላችሁ፣ አንዱን ቁራጭ ቀይራችሁ መሞከርም ትችላላችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዱ ቪኞ ላብራቶሪ ከመጀመሪያው አሚኖ አሲድ ላይ አሚኖ የሚባለውን ክፍል አነሳ። መድኃኒቱ አልተበላሸም፤ ጭራሽ በረታ።

ይሄ ምን ይጠቅማል? ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ፍሪጅ ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ሌሎች ተመራማሪዎች በዛው መንገድ ሄደው ካርቤቶሲንን ሠሩ፦ ያው አሚኖ ክፍል ተነስቷል፣ አንዱ ሰልፈር በካርቦን ተተክቷል፣ ታይሮሲን የተባለው አሚኖ አሲድም ትንሽ ተለውጧል። ሙቀት እንዲችል ሆኖ የተዘጋጀው ካርቤቶሲን ፍሪጅ አይፈልግም። በ2018 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ በ10 አገሮች ወደ 30 ሺህ በሚጠጉ እናቶች ላይ ተሞክሮ፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣን ደም መፍሰስ በመከላከል ከኦክሲቶሲን እንደማያንስ አሳየ። በ2019 ድርጅቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው።

ዱ ቪኞ ይሄን ቀን አላየም። በ1974 ስትሮክ መታው፤ በ1978 በ77 ዓመቱ አረፈ። ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ሥራው ግን ዛሬም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አለ።

ነርስ ወይም አዋላጅ ጓደኛ ካላችሁ አጋሩላቸው።