ኤዲሰንና የኤረር ቤታችን ገመድ

ቶማስ ኤዲሰን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አምፖል ነው። እኔም ከዚያ ያለፈ አላውቅም ነበር። የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ግን ይበልጥ የገረመኝ የገመዱ ነገር ነው። ለምን ቢባል፣ ገመድ ቤታችንን ዋጋ አስከፍሎታል።

ቤታችን ኤረር ነው፤ በድሮው የድሬዳዋና የአዲስ አበባ ባቡር መስመር ላይ። መብራት ሲገባልን ቆጣሪውም ማከፋፈያው ሳጥንም አጥሩ በር ላይ ተሰቀሉ። ማድ ቤቱ ደግሞ ግቢው ጫፍ ነው። ከሳጥኑ እስከዚያ የተዘረጋው ገመድ ቀጭንና ረጅም ነበር። እናቴ ምጣዱን ስትሰካ እኔ የማጠናበት መብራት ፍዝዝ ይላል፣ እንጀራውም አይበስልም። አንድ ማታ ገመዱ ግሎ ተቃጠለ። እንደገና ለማሠራት ሁለት ፍየል ተሸጠ።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ሚላን በምትባል ከተማ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቆየው ጥቂት ወራት ብቻ ሲሆን በአብዛኛው ያስተማረችው እናቱ ናት። በ12 ዓመቱ ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ማዞር ጀመረ። አያቴም ኤረር ጣቢያ ባቡር ሲቆም ብርቱካን ይሸጡ ስለነበር እዚህ ጋ ስደርስ ፈገግ ብያለሁ። በ1862 ደግሞ እዚያው ባቡር ውስጥ የራሱን ትንሽ ጋዜጣ አተመ። እንግዲህ የሙያ ባልደረባችን ነበር ማለት ነው! ከዚያ ቴሌግራፈኛ ሆነ፤ በ1876 ሜንሎ ፓርክ ላይ ቤተ ሙከራ ከፈተ፤ በ1879 ለሰዓታት የሚበራ አምፖል አሳየ።

ዋናው ቁም ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አምፖል ብቻውን ምን ይሠራል? በዋጋ ከጋዝ መብራት ጋር መወዳደር ነበረበት፤ መዳብ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ኤዲሰን ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ሰዎች ልኮ፣ ኒው ዮርክ በመረጠው ሠፈር ቤት ለቤት ስንት የጋዝ መብራት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚበራ አስቆጠረ። ይህንንም በካርታ ላይ አሰፈረ። የአምፖሉን ክር ሬዚስታንሱ ከፍ እንዲል ያደረገው ትንሽ ከረንት በቀጭን ገመድ እንዲበቃ ብሎ ነው። ማመንጫውን ያቆመው እዚያው ደንበኞቹ መሀል፣ ፐርል ጎዳና ላይ ነበር። መስከረም 4 ቀን 1882 (እ.ኤ.አ.) ወደ 400 የሚጠጉ አምፖሎች በሩ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ቢሮ ነበር።

ሌላም ዘዴ ነበረው። አንድ ገመድ ከማመንጫው ተነስቶ በየደጁ እየተቀነሰለት እንዲሄድ አላደረገም፤ ወፍራም መጋቢ ገመዶች በቀጥታ እስከ ሠፈሩ መሀል ወስዶ ከዚያ አከፋፈለ። የቅርቡም የሩቁም አምፖል እኩል በራ፣ ብዙ መዳብም ተረፈ። በ1883 ሥራ ላይ የዋለው ባለ ሦስት ገመድ ዘዴው ደግሞ ከቀረው ከግማሽ በላይ ቆጠበ።

ጥፋትም አላጣውም። የሱ ቀጥተኛ ከረንት ከማመንጫው ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። ተለዋዋጩ ከረንት በትራንስፎርመር ሩቅ እንደሚሄድ እየታየ እሱ ግን በግትርነት ተቃወመ፤ በመጨረሻም ተሸነፈ። ጥቅምት 18 ቀን 1931 (እ.ኤ.አ.) በ84 ዓመቱ ሲሞት ዓለም በአብዛኛው በተለዋዋጩ ትሠራ ነበር። ዛሬ የኛ ቤት ምጣድም የሚግለው በሱ ነው።

ወደ ኤረር ልመለስና፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪሺያን መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነበር፦ ምጣዱ የት ነው? ፍሪጅ ትገዛላችሁ? ስንት መብራት? ከዚያ ሳጥኑን ነቅሎ ማድ ቤቱ አጠገብ ሰቀለው፤ ከቆጣሪው እስከዚያ አንድ ወፍራም ገመድ ሳበ፤ ቀሪዎቹን አጫጭር አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ መብራታችን አልፈዘዘም። ሰውዬው ስለ ፐርል ጎዳና ሰምቶ ይወቅ አይወቅ አልጠየቅኩትም፤ የሠራው ግን ያንኑ ነው።

እኛ ጋዜጠኞችም ከመጻፋችን በፊት ቤት ለቤት ሄደን እንጠይቃለን። ቤት የሚሠራም ሰው ግድግዳው ሳይለሰን በፊት ዕቃዎቹን ቢቆጥርና ቦታቸውን ቢወስን፣ ፍየሎቹ ይተርፉለታል እላለሁ።