የማሪ ኩሪን ልጆች ማን ያዘላት?

ስለ ሥራና ስለ ቤት ስንነጋገር የማሪ ኩሪ ስም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ወሰደች፣ ሁለት ሴት ልጆችም አሳደገች ይባልና ይታለፋል። እኛ እናቶች ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ እሷ ላቦራቶሪ ስትውል ልጆቹ ከማን ጋር ዋሉ?

ነገሩ ከእህቷ ይጀምራል። ማሪ በ1867 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋርሶ ተወለደች። የዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ከታላቅ እህቷ ከብሮኒያ ጋር ተስማሙ፦ ብሮኒያ ፓሪስ ሕክምና ስትማር ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ገንዘብ ትልክላታለች፤ ከዚያ ተራው የማሪ ይሆናል። ለእኛ ለዕቁብተኞች ይህ እንግዳ አይደለም፤ ዕጣው እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። ማሪ ፓሪስ የገባችው በ1891 ነው።

ፒየር ኩሪን በ1895 አገባች፤ የመጀመሪያ ልጇ ኢሬን በ1897 ተወለደች። በዚያው ሰሞን የፒየር እናት አረፉ። ሐኪሙ አማቷ ዶክተር ዩጂን ኩሪ ከእነሱ ጋር መኖር ጀመሩ፤ የልጅ ልጃቸውም አሳዳጊ ሆኑ። ማሪ ጣሪያው በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ማዕድኑን በብረት ዘንግ እያማሰለች ስታፈላ የምትውለው ቤቱ ሰው ስለነበረው ነው። ደሞዝ አልበቃ ሲላቸው ከ1900 ጀምሮ ሴቭር በሚገኝ የሴት መምህራን ማሠልጠኛም አስተማረች። የቤቱን ወጪ ሁሉ በደብተር ትመዘግብ ነበር፤ የኢሬን ጥርስ ሲበቅልም ይጻፋል።

በ1906 ፒየርን የጭነት ጋሪ ገደለው። ትንሿ ኤቭ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላትም። ማሪ ጡረታ ይሰጥሽ ሲሏት አልፈልግም ብላ የባሏን የሶርቦን ማስተማር ተረከበች፤ በዚያ ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አማቷም እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1910፣ ከቤቷ አልወጡም። ከአገሯ ከፖላንድ የመጡ ሞግዚቶችም ነበሩ። የእነሱን ስም ስንቱ ሰው ያውቃል?

እኛን ከሁሉ የገረመን ግን ትምህርት ቤቱ ነው። ማሪና የሥራ ባልደረቦቿ ወንፈል ገቡ፤ ወደ አሥር የሚሆኑ ልጆቻቸውን ሰብስበው በየተራ አስተማሩ። ፊዚክሱን ማሪ፣ ኬሚስትሪውን ዣን ፔራን፣ ሒሳቡን ፖል ላንዠቫን። ሁለት ዓመት ያህል ዘልቆ ተበተነ፤ ሁሉም ሥራ የበዛበት ሰው ነበር። እኛም የልጅ መያዣውን በተራ ስንሞክር የሚያቅተን ይኸው ነው። ለዚህም ነው ለጋሾቻችንን ከሥልጠናው ገንዘብ ጋር የቋሚ ሞግዚት ደሞዝ የምንለምነው።

ማሪ በ1934 አረፈች። በዓመቱ ኢሬን ከባሏ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተቀበለች፤ ያኔ እሷም የሁለት ልጆች እናት ነበረች።